ቀሚስ ብቻውን ባህል አይሆንም

በካምፓላ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው ባህል አስተማርን የሚሉበት ቀን በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመጣል። እንቁጣጣሽ ወይም ገና ሲደርስ ሴቶቹ ሕፃናት ጥልፍ ቀሚስ፣ ወንዶቹ እጀ ጠባብ ይለብሳሉ፤ ከድምፅ ማጉያ በሚወጣ ዘፈን ለጥቂት ደቂቃ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ልብሱም ታጥፎ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ ወደ ሻንጣው ይመለሳል። በማግስቱ ያ ሕፃን የጨፈረው የጎጃም ይሁን የወሎ፣ የሰማው መሣሪያ ማሲንቆ ይሁን ክራር ቢጠየቅ መልስ የለውም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መመለስ እንደሚገባው የሚያውቀውም ጥቂቱ ነው። ይህ ባህልን ማስተማር ሳይሆን ባህልን ማልበስ ነው። ልብስ ደግሞ ልጅ ባደገ ቁጥር ይጠበዋል።

ለዚህ ጉድለት የሚቀርበው የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜና ጥቅም ነው። በካባላጋላም ሆነ በካንሳንጋ የሚሠራ ወላጅ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ ይገባል። ልጁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በሰፈር ሉጋንዳ ይናገራል። ከቤተሰቦቹ ከፊሉ ነገ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራልያ ለመሻገር ተራ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህም «እዚህ ለማይከርም፣ እዚያም ለማይጠቅመው ልጅ የአገር ቤት ተረትና የማሲንቆ ትምህርት ምን ይፈይድለታል?» ይባላል።

የዚህ ጥያቄ መልስ ከጃቫ ሰዎች ታሪክ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት የኔዘርላንድ ቅኝ ገዥዎች ከ32 ሺህ የሚበልጡ ጃቫውያንን በውል ሠራተኝነት ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ሱሪናም አጓጉዘዋል። እነዚህ ሰዎች በእርሻ ላይ ጉልበታቸውን ሲሸጡ የሚውሉ፣ የካምፓላ ነጋዴ ያለው ዕረፍት እንኳ ያልነበራቸው ነበሩ። ሆኖም ጋሜላን የተባለውን፣ በመዶሻ በሚመቱ የብረት ሰሌዳዎችና ደወሎች የሚቀናበረውን ሙዚቃቸውን፣ ዋያንግ የተባለውን የአሻንጉሊት ቲያትራቸውንና ከቀርከሃ በተሠራ ጠፍጣፋ ፈረስ የሚጫወቱትን ጭፈራ በባዕድ ምድር ተከሉት። ልጆቻቸውም በእነዚህ ጨዋታዎች ከየት እንደመጡ ዐወቁ። ጊዜ ስለተረፋቸው አላስተማሩም፤ ሌላ የሚያወርሱት ስላልነበራቸው አስተማሩ እንጂ። ነገ ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ልጅ ከማንም ይልቅ በጉምሩክ የማይፈተሽ፣ በመንገድም የማይጠፋ ስንቅ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው። አርዌ ስለተባለው ዘንዶ፣ እርሱንም ገድሎ ስለነገሠው ስለ አንጋቦ የሚነገረውን ተረት የአረማውያን ወሬ ነው ብለው ከልጆቻቸው የሚያርቁ ወላጆች አሉ። እስክስታም ዓለማዊ ነው ይላሉ። በዚህ ረገድም ጃቫ ትምህርት አላት። የጃቫ ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው፤ የዋያንግ ዐበይት ታሪኮች ግን ማሃብሃራታና ራማያና ከተባሉት የሂንዱ ገድሎች የተወሰዱ ናቸው። ዳላንግ የሚባለው ባለሙያ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ከቆዳ የተቀረጹትን ምስሎች ያንቀሳቅሳል፤ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ድምፅ ብቻውን ያወጣል፤ ሙዚቀኞቹንም ይመራል፤ ትርኢቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በታሪኩ ውስጥ ስላሉት አማልክት ብሎ እምነቱን የሚለውጥ ተመልካች የለም። ዩኔስኮ ዋያንግን እ.ኤ.አ. በ2003 የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ብሎ ያወጀው፣ ጋሜላንንም በ2021 በቅርስነት የመዘገበው ይህ ሕዝብ ጥበቡን ከልጅ ወደ ልጅ ስላሻገረው ነው።

ኢትዮጵያውያን ግን ምሳሌ ፍለጋ እስከ ጃቫ መሄድ ባላስፈለጋቸው ነበር። በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሀና የተክሌ አቋቋም ተብሎ ለሚጠራው የዝማሜ ሥርዐት መሠረት እንደሆኑ ትውፊት ይናገራል። ሰውን ያሳቀው አንደበትና በማሕሌት የቆመው እግር የአንድ ሊቅ ነበሩ። በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው የኖሩትን ሁለቱን የሚያጣላቸው የዛሬ ወላጅ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት በግልጽ አይነገርም፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን እርሱ ነው። ይኸውም ንቀት ነው። ልጁ ፒያኖ ቢማር በኩራት የሚያወራ ወላጅ፣ ማሲንቆ ልማር ቢለው «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ይቆጣል። በዓል በደረሰ ቁጥር አዝማሪውን አስጠርቶ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፈው ይኸው ሰው ነው። ጥበቡን እየወደዱ ባለጥበቡን መናቅ ከአገር ቤት ተሸክመው የመጡት የቆየ ነውር ነው። የአዝማሪን ዋጋ ከእንዲህ ያለው ወላጅ ይልቅ ጠላት ጠንቅቆ ዐውቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በተከታዩ ወር ተረት ነጋሪ ዘፋኞች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እንዲያዙና እንዲረሸኑ ትእዛዝ ወጥቷል። ወራሪው መትረየስና አውሮፕላን ይዞ ሳለ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የያዘ ሰው አስፈራው። ቅኝ ገዥ የፈራውን ጥበብ የአርበኛ ልጅ ሲንቀው ማየት ያሳፍራል።

አራተኛው ምክንያት ከፖለቲካው ይመነጫል። «የማንን ተረት እናስተምር? የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብናነሣ አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው እኔን አይመለከተኝም ይላል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ መኖሩ እውነት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በተጠናቀረው ክብረ ነገሥት የሚገኘው ታሪክ ለዘመናት የሥልጣን ማስረጃ ሆኖ ስላገለገለ ዛሬም ያከራክራል። ነገር ግን የሚያከራክር አፈ ታሪክ ለልጅ መርዝ አይደለም። የማላይ ሕዝብ ሀንግ ቱዋ ስለተባለ የማላካ ጀግና ይተርካል። ሱልጣኑ በሐሰት ክስ ሞት ፈረደበት፤ በስውር ግን ተረፈ። ወዳጁ ሀንግ ጀባት በፍርዱ ተቆጥቶ በሱልጣኑ ላይ ሸፈተ። ሱልጣኑም ተጸጽቶ ቱዋን ከተደበቀበት አስጠራው፤ ቱዋም ለንጉሡ ታምኖ ወዳጁን ገደለ። ለረጅም ዘመን የታማኝነት አርኣያ ቱዋ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ግን የማሌዥያ ጸሐፍት በደልን ያልታገሠው ጀባት ነው እውነተኛው ጀግና እያሉ ተሟገቱ። ሀንግ ቱዋ በእርግጥ የኖረ ሰው መሆኑ እንኳ ያከራክራል። ማላዮች ግን ተረቱን አልቀበሩትም፤ ለልጆቻቸው ነግረው «አንተስ ማንን ትመርጣለህ? ንጉሥህን ወይስ ወዳጅህን?» የሚል ጥያቄ አወረሷቸው።

በካምፓላም መደረግ ያለበት ይኸው ነው። አፈ ታሪክ እንደ አፈ ታሪክ ይነገር፤ ታሪክ እንደ ታሪክ። የሳባ ትረካ የኦሮሞን፣ የትግራይን፣ የሶማሌን፣ የጉራጌን፣ የወላይታን ተረት አይከለክልም። በአንድ ቅዳሜ አንዱ፣ በሌላው ቅዳሜ ሌላው ቢነገር ልጆቹ አባቶቻቸው የሚጣሉበትን ሳይሆን አያቶቻቸው የሳቁበትን ይወርሳሉ። ዝምታው ግን ለማንም ወገን አላደላም፤ ሁሉንም እኩል ያጠፋል።

የሚያሳዝነው ደግሞ የሚኖሩባት ከተማ ራሷ መምህር ሆና ሳለ አለመማራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የንዴሬ ቡድን የዩጋንዳን ሕዝቦች ውዝዋዜና ሙዚቃ ከነትርጉሙ እየተረከ ለመድረክ ያበቃል። በዩጋንዳ ትምህርት ቤቶች ልጆች በሙዚቃ፣ በውዝዋዜና በድራማ ይወዳደራሉ። የቡጋንዳ ልጅ ስለ ኪንቱና ናምቢ ይሰማል፤ ናምቢ ለዶሮዋ የሚሆን ዳጉሳ ረስታ ወደ ሰማይ በመመለሷ ሞት የሆነው ወንድሟ ዋሉምቤ ተከትሏት ወደ ምድር እንደወረደ ያውቃል። የቡጋንዳው እንዲንጊዲ እንደ ማሲንቆ አንድ አውታር ያለው፣ በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ የያዘ ሐበሻ ልጅና እንዲንጊዲ የያዘ የክፍል ጓደኛው ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚጫወቱት ነገር አያጡም። ባዶ እጁን የመጣው ልጅ ግን ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የአገሩን ጥበብ መማር ከዩጋንዳ ልጆች ይነጥለዋል የሚለው ስጋትም ስለዚህ መሠረት የለውም።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉት ተዋናዩ ተስፋዬ ሳህሉ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ቀልብ የያዙት በተረት፣ በምክርና በሞቀ አንደበት ነው። በካምፓላም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍልና ተረት የሚያውቁ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ተረቱ በአማርኛም ሆነ በሌላ የአገር ቋንቋ በቃል ይነገር፤ ልጁም በተራው መልሶ ይተርከው። «ቋንቋውን ስለማይችል አይገባውም» የሚሉ ነገሩን ገልብጠውታል፤ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ዘንዶው ምን እንዳደረገ ለማወቅ ሲጓጓ ነው። በየምግብ ቤቱ ማታ ማታ የሚጫወተው ማሲንቆ መቺም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመምህርነት ይጠራ፤ እንደ ሒሳብ አስጠኚ ደመወዝ ይከፈለው፤ በልጆቹም ፊት መምህር ተብሎ ይጠራ። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለይ ጆሮ በአንድ በዓል አይገኝም፤ በልምምድ እንጂ።

ይህን ሥራ ማኅበር ወይም ኤምባሲ እስኪያከናውነው የሚጠብቅ ወላጅ ልጁ እስኪያድግ ይጠብቃል። ልጅ ደግሞ ቶሎ ያድጋል። የስምንት ዓመት ሕፃን በጉጉት የሚያዳምጠውን ተረት የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ቁጭ ብሎ አይሰማውም። ቀሚሱ ለመጪው እንቁጣጣሽ ይተኮስ፤ የሚከለክል የለም። ከዚያ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ግን ልጁ ቢያንስ አንድ ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መናገር ይቻል።