ጃንጥላቸውን ይዘው የወጡት ጠቅላይ ሚኒስትር

ኔፓል በ2025 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በእሳት ስትጋይ አይተው፣ «አላልንም? ምርጫ ለድኃ አገር ቅንጦት ነው!» ያሉ ወዳጆች አሉኝ። የተማሩ ናቸው፤ ክፋትም የለባቸውም። ችግሩ ነገሩን ከጭሱ መጀመራቸው ነው። እኔ ደግሞ ከአንድ ወንበር ልጀምርና ልሟገታቸው። ወንበሩ «ካትማንዱ አንድ» ይባላል፤ በዋና ከተማው የሚገኝ የምርጫ ክልል ነው።

ንጉሥ ማሄንድራ በ1960 የተመረጠውን መንግሥት በትነው መሪዎቹን ካሰሩ በኋላ፣ በኔፓል ፓርቲ የሚባል ነገር ለሠላሳ ዓመት ታግዶ ኖረ። በ1990 ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ንጉሥ ቢሬንድራም እገዳውን አነሱ። የአመፁ መሪ ጋኔሽ ማን ሲንግ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው የትግል ጓዳቸውን ክሪሽና ፕራሳድ ባታራይን አሳለፉ። ባታራይ ብዙ ዓመት በእስር የማቀቁ፣ ሚስት ያላገቡ፣ ሀብት ያላፈሩ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ጊዜ አዲሱ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ ምርጫው ተሰናዳ። ሜይ 12 ቀን 1991 እሳቸውም በካትማንዱ አንድ ተወዳደሩ።

ተሸነፉ።

ያሸነፏቸው የኮሙኒስቱ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ማዳን ባንዳሪ ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ! ፖሊሱም፣ ግምጃ ቤቱም፣ ሬዲዮኑም በባታራይ እጅ ነበር። ፓርቲያቸው ኮንግረስ ከ205 ወንበሮች 110 አግኝቶ አገሩን አሸንፏል። ለአንድ ወንበር ሲባል አንድ ኮሮጆ ማስገልበጥ ምን ያቅታቸው ነበር? አላደረጉትም። ሥልጣኑን ለጊሪጃ ፕራሳድ ኮይራላ አስረክበው ሄዱ። ከመኖሪያው ሲወጡ የያዙት፣ ሲገቡ ይዘውት የመጡትን የቆርቆሮ ሳጥን፣ የውሃ ማሰሮና ጃንጥላ ብቻ ነበር ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን በእኚህ ሰው ፊት ምን ይበል?

ከዚያች ቀን በኋላ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሜይ 28፣ አዲስ አበባ ታንክ ገባባት። ማርክስን ያነበቡ ሰዎች እዚያም ነበሩ፣ እዚህም ነበሩ። እዚያ ማዳን ባንዳሪ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በካርድ ጣሉ፤ እዚህ መንግሥት የወደቀው በጠመንጃ ነው። እርግጥ ነው፣ የኔፓል ማኦኢስቶችም በ1996 ጫካ ገብተው አሥር ዓመት ደም አፋስሰዋል። መጨረሻቸው ግን ያው ኮሮጆው ዘንድ ሆነ፤ በ2008 ተወዳድረው ከሁሉ የበለጠ ወንበር ያገኙት እነሱ ናቸው።

ወደ ወንበራችን እንመለስ። ማዳን ባንዳሪ በ1993 የተሳፈሩበት ጂፕ ወንዝ ገብቶ ሞቱ። በ1994 በተደረገው ማሟያ ምርጫ ባታራይ እንደገና ቀረቡ፤ እንደገና ተሸነፉ። አሁን ያሸነፏቸው የሟች ባለቤት ቢድያ ባንዳሪ ነበሩ፤ በ2015 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። የባታራይ ወገኖች «የጣለን የገዛ ፓርቲያችን ነው» ብለው ጮኹ። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ነውና፣ በዚያው ዓመት 36 የኮንግረስ አባላት ከምክር ቤት ቀርተው የራሳቸውን መንግሥት ለሽንፈት ዳረጉት። በተከተለው ምርጫም ኮሙኒስቶቹ ቀድመው መንግሥት መሠረቱ።

ወዳጆቼ እዚህ ላይ ሳያቋርጡኝ አይቀሩም። «ታዲያ ይህ ሁሉ ድምፅ ምን ፈየደ?» ይሉኛል። ደግ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዚያው ወንበር ይገኛል። የክልሉ ወሰን እየተቀያየረ ስሙ ሳይለወጥ ቆየ። በ2008፣ በ2013፣ በ2017፣ በ2022፣ አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፉት አንድ ሰው ናቸው፤ ፕራካሽ ማን ሲንግ። የማን ልጅ ቢሉ፣ የዚያ ሥልጣን እምቢ ያሉት የጋኔሽ ማን ልጅ! አባት የናቁትን ወንበር ልጅ ርስት አደረጉት።

መራጩ ግን አልተኛም ነበር። በ2017 ከቀድሞው ጋዜጠኛ ከራቢንድራ ሚሽራ ጋር የነበራቸው ልዩነት ከአንድ ሺ ድምፅ በታች ወረደ። በ2022 ያው ሚሽራ ዘውድ ይመለስ በሚለው ፓርቲ ስም ቀርበው ልዩነቱ 125 ድምፅ ብቻ ሆነ። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም፤ ከኋላቸውም ሌሎች ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ስለዚህ አሸናፊው የመራጩን ግማሽ እንኳ አላገኙም። ሆኖም አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳልና ወንበሩን ወሰዱ። በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ያለው ሥርዓት ይኸው ስለሆነ፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

125 ድምፅ ከመራጩ ለመሪዎቹ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ማን አነበበው? ከ2015 መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 2025 ድረስ ኦሊ፣ ዴውባና ፕራቻንዳ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን እንደ ዕቁብ ተራ እየተቀባበሉ ከሦስቱ በቀር ማንም አልቀመሰውም። ኮሮጆው በየጊዜው ሌላ ነገር ይናገራል፤ ከምርጫው በኋላ ጓዳ ገብተው የሚስማሙት ግን እነዚያው ናቸው። እንግዲህ የታመመው የቱ ነው፤ ምርጫው ወይስ ጓዳው?

መንግሥት ማኅበራዊ መገናኛዎችን ሲዘጋ ወጣቱ በሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ወጣ። በመጀመሪያው ቀን 19 ሰው ተገደለ። በማግሥቱ ፓርላማው ነደደ፤ ኦሊም ለቀቁ። ወዳጆቼ የሚያሳዩኝ ጭስ ይህ ነው። ከጭሱ በኋላ የሆነውን ግን አይነግሩኝም። የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪ ጊዜያዊ መንግሥት መሠረቱ፤ ምክር ቤቱ ፈርሶ ለማርች 2026 ምርጫ ተቆረጠ። ከእሳቱ መውጫ ተብሎ የተያዘው መንገድ ያው ቅንጦት የተባለው ምርጫ ነው።

እኔ ምርጫ ደግ ሰው ያመጣል ብዬ አልከራከርም። በካትማንዱ አንድ ደጉን ሰው ሁለት ጊዜ ጥሎታል። የምለው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ያለ ደም የሚወጣበት በር ይህ ብቻ ነው። በሩ የሚጠበው መራጩ ስላበዛ ሳይሆን፣ የገቡት አልወጣም ስላሉ ነው። «ድኃ መምረጥ አያውቅም» የምትሉ ወዳጆቼ ሆይ፣ የኔፓል ድኃ በ1991 መርጧል። መሸነፍን የሚያውቁ እንደ ባታራይ ያሉ ሰዎች ናቸው የጠፉት።