የቦሌን አፓርታማ በሜሪላንድ የሚሸጥ የሜሪላንድ ፈቃዱን ያሳይ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አዳራሾች የአዲስ አበባ አፓርታማ የሚሸጥባቸው ቅዳሜና እሑዶች እየበዙ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይት አዋጅን፣ ከወራት በኋላም ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ የሚፈቅደውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ገበያው ይበልጥ ጦፏል። ገዢው የሕንጻውን ንድፍ በትልቅ ስክሪን ይመለከታል፣ ቅናሹ ዛሬ ማታ እንደሚያበቃ ይነገረዋል፣ ለቅድመ ክፍያ ይፈርማል። ከፊቱ ቆሞ የሚያግባባው ሰው ምን ተምሮ፣ ማን ፈትኖት፣ በየትኛው ፈቃድ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እዚሁ ሜሪላንድ በልትስቪል ላይ አሮጌ ታውንሐውስ ለመግዛት ሦስት ኤጀንት አማርጦ፣ ኢንስፔክተር ቀጥሮ፣ በየወረቀቱ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ወገናችን፣ ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ገና መሠረቱ ላልወጣ ቤት የዓመታት ቁጠባውን በአንድ ከሰዓት ያስረክባል። ይህ ያሳስበናል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን፣ ነገሩ ሕግ ያልደረሰበት ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ነው።

ሕግ ደርሶበታል። የሜሪላንድ የሪል ስቴት ሥራ ሕግ «ሪል ስቴት» ብሎ የሚጠራው በግዛቲቱ ውስጥ ወይም በሌላ በማንኛውም ስፍራ በሚገኝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ያለን ጥቅም ነው። በሌላ በማንኛውም ስፍራ የሚለው ሐረግ ቦሌንም፣ ሲኤምሲንም፣ ባሕር ዳርንም ያጠቃልላል። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ቆሞ፣ ኮሚሽን እየተቀበለ፣ የሌላ ሰው ወይም የሌላ ድርጅት የሆነ የአዲስ አበባ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው፣ በበልትስቪል ቤት እንደሚሸጠው ሪልተር ሁሉ የሜሪላንድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ መሥራት ደግሞ በግዛቲቱ ሕግ ወንጀል ነው። ሕጉ የራሱን ንብረት ለሚሸጥ ባለቤትና የሠራውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሸጥ ቤት ሠሪ ነጻነት እንደሚሰጥ እናውቃለን። ይህን ቀዳዳ ጠቅሰው «እኛ የአልሚው ተወካዮች ነን» የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን አልሚ ቤት እያዞረ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻውን የሚወስድ ሰው ቤት ሠሪም ባለቤትም አይደለም፤ ደላላ ነው። ደላላነት ክቡር ሥራ ነው፤ ክብሩ የሚመጣው ግን ከዕውቀትና ከተጠያቂነት ጋር ነው።

ፈቃዱ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። በሜሪላንድ የሽያጭ ፈቃድ ለማግኘት 60 ሰዓት መማር፣ አገር አቀፍና የግዛቱ ክፍል ያለውን ፈተና ሁለቱንም በ70 በመቶ ማለፍ፣ ከዚያም በአንድ ብሮከር ሥር መግባት ግዴታ ነው። ብሮከር ለመሆን ደግሞ 135 ሰዓት ትምህርትና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ቨርጂኒያም በ60 ሰዓት ትምህርት ትጀምርና አዲሱን ባለፈቃድ ገና በመጀመሪያው ዓመት ለተጨማሪ 30 ሰዓት ወደ ክፍል ትመልሰዋለች። በእነዚህ ሰዓታት ተማሪው የውል ሕግን፣ የባለቤትነት ማስረጃን፣ የብድርን አሠራር፣ የዋጋ ግመታን፣ ለማን ወኪል እንደሆነ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታን፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ለይቶ በአደራ ሒሳብ የማስቀመጥን ሥርዓት ይማራል። ከሁሉም በላይ ግን ስሙ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቢያታልል የሚከሰስበት የሪል ስቴት ኮሚሽን አለ፣ የሚቀማው እንጀራ አለ። በሜሪላንድ በባለፈቃድ የተበደለ ገዢ፣ ባለፈቃዶች ራሳቸው ከሚያዋጡት የዋስትና ፈንድ እስከ 50 ሺህ ዶላር ሊካስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ይህ ፈንድ የሚክሰው በሜሪላንድ ውስጥ ላለ ንብረት ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባው ቤት ሳይሠራ ቢቀር ከዚህ ፈንድ አንድ ሳንቲም አይወጣም። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ፈቃዱ ምን ይጠቅመናል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ነገሩን የምናየው በተቃራኒው ነው። ፈንዱ ስለማይደርስልን፣ የአደራ ሒሳቡም ስለሌለ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ወደ አልሚው ስለሚላክ፣ በዚህ አገር በእጃችን የሚቀረው መያዣ የአሻሻጩ ፈቃድ ብቻ ነው። በሐሰት ካግባባን ልናስጠይቀው የምንችለው እዚሁ፣ በምንኖርበት ግዛት፣ እንጀራውን በሚበላበት ሥራ ነው። አክሰስ ሪል ስቴት ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ቤት ገዢዎች ገንዘብ ሰብስቦ ግንባታው በቆመ ጊዜ፣ ውጭ አገር የነበሩት ገዢዎች ለዓመታት በስልክና በኮሚቴ ሲንከራተቱ ማን ምን ብሎ እንደሸጠላቸው በሕግ መጠየቅ ቀላል አልሆነላቸውም። ያ ታሪክ እንዲደገም መንገዱን የምንጠርገው እኛው ልንሆን አይገባም።

ሙያው በአገራችን ሥር ያልሰደደው በሰዎች ስንፍና አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ለረጅም ዓመታት የቤት ሽያጭ ሙያ ሊያድግበት የሚችል ገበያ አልነበረም። ገበያው ሲመለስ ሙያው አብሮ አልተመለሰም፤ ክፍተቱን የሞላው በስልክና በትውውቅ የሚሠራ ደላላ ነው። ሕጉ ግን በንብረት ግመታ በኩል ባለሙያን ሲጠራ ቆይቷል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚለቀቅ ይዞታ ካሳ የሚከፈልበትን ሥርዓት የደነገገው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ንብረቱን በሙያው የተመሰከረለት ገማች እንዲገምት፣ እስከዚያው ግን ኮሚቴ እንዲሠራ ፈቅዶ ነበር። በ2011 የተካው አዋጅ 1161ም ሥራውን በቅድሚያ ለተመሰከረላቸው ገማቾች ሰጥቶ ኮሚቴውን እንደ መተኪያ አቆይቶታል። ኮሚቴው ለጊዜው የተባለ ቢሆንም ቦታውን አልለቀቀም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመሬት አስተዳደር ተቋሙ በኩል በዚህ መስክ ወጣቶችን እያስተማረ ያስመርቃል። ትምህርቱ ካለ፣ ሕጉ ከጠራው፣ የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ እሱም ፈተናና ፈቃድ ነው። አዲሶቹ አዋጆች ይህን ድልድይ እንዲሠሩት በአክብሮት እንጠይቃለን። ገበያውን ለውጭ ገንዘብ ከመክፈት ጎን ለጎን የገበያውን ሠራተኛ መፈተን ለመንግሥትም የሚበጅ ነው፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ዳያስፖራ ሁለተኛ ዶላር አይልክምና።

የሚቀርብልንን ተቃውሞ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ወገን ለወገን ፈቃድ ምን ያደርጋል? እናውቀዋለን፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን» የሚለው ነው። መተማመን የማኅበረሰባችን ትልቁ ሀብት ነው፤ በእድርና በእቁብ የኖርነው በእሱ ነው። ነገር ግን የእቁብ ጸሐፊ እንኳ መዝገብ ይይዛል፣ ዋስ ይጠራል። እምነት ካለ ማስረጃ ማሳየት የሚያስቀይምበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ «ፈቃድ ያላቸውም ያታልላሉ» ይላል። እውነት ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጣው የብድር ቀውስ በሜሪላንድ ከሌሎች ካውንቲዎች ይልቅ ክፉኛ የተመታው የእኛው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነበር፤ ብዙ ቤት ባንክ የወሰደው ወለዱ እየናረ በሚሄድ ብድር ውስጥ ሰውን ባስገቡ ሰዎች እጅ ነው። የአገሪቱ ኮንግረስ መልስ ግን ፈቃድ ከንቱ ነው የሚል አልነበረም። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ በየግዛቱ ልል የነበረውን የብድር አማካሪዎች ቁጥጥር አጥብቆ፣ በግዛት ፈቃድ የሚሠሩት ሁሉ ቢያንስ 20 ሰዓት እንዲማሩ፣ እንዲፈተኑ፣ በአንድ አገር አቀፍ መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ አዘዘ። ቀውሱ ያስተማረው ትምህርቱ መጠንከር እንዳለበት ነው።

ሦስተኛው ከወጣቶቻችንና ከአዲስ መጤዎቻችን የሚመጣ ነው፦ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጊዜ የለንም፣ ሁለት ሥራ እንሠራለን። ይህን አንንቅም። በዋሽንግተን ዲሲ የ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከአገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ የመዘጋጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን የሰንበት ክፍሎቻቸውን ለዚህ ቢከፍቱ በጎ ነው። ፈተናው ራሱ ግን እንዲቀልልን አንጠይቅም። ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፍርድ ቤቱም በእንግሊዝኛ ይዳኛል፤ ያልገባውን ውል ለሌላው የሚተረጉም ሰው ገዢውን ከነቤተሰቡ ገደል ይጨምረዋል። ከኦገስት 17 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አገር አቀፉ የሪልተሮች ማኅበር በገባው የ418 ሚሊዮን ዶላር የክስ ስምምነት መሠረት፣ የማኅበሩ የሽያጭ ቤቶች ዝርዝር መረብ ተጠቃሚ የሆነ ኤጀንት ገዢን ቤት ከማሳየቱ በፊት ክፍያውን በጽሑፍ ውል ማስፈር አለበት። የክፍያውን ምክንያት አንድ በአንድ ማስረዳት የማይችል ኤጀንት ከእንግዲህ በዚህ ገበያ ቦታ የለውም።

60 ሰዓትም ቢሆን በር ያስገባል እንጂ ቤት አያስተዳድርም። ስለዚህ ልጆቻችን በዚህ ሙያ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ እንፈልጋለን። ሕክምናን፣ ፋርማሲንና ኮምፒውተርን ብቻ የትምህርት ዓይነት አድርገን መቁጠራችን ዋጋ እያስከፈለን ነው። ከበልትስቪል ጥቂት ማይል ርቆ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሪል ስቴት ልማትን በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ከዚያ የሚወጣ ሰው ቤት ማሳየት ብቻ ሳይሆን የመሬት አጠቃቀምን፣ የፋይናንስ ስሌትን፣ የከተማ ፕላንን ያውቃል። በጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ታላቁን የበልትስቪል የግብርና ምርምር ማዕከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመልቀቅ ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ በሺዎች የሚቆጠር ኤከር መሬት ዕጣ ፈንታ በደጃችን ክርክር ሆነ። የዞን ለውጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ ሰው በዚህ ክርክር ውስጥ ካልተቀመጠ፣ የቤት ኪራያችንና የንብረት ግብራችን ያለ እኛ ይወሰናል። መማር ከሕግ ጥሰትም ያድናል። በደግነት «ያ ሰፈር ሐበሻ የለበትም፣ እዚህ ግዙ» ብሎ ደንበኛን በትውልድ አገሩ እየለየ መምራት በ1968ቱ እ.ኤ.አ. የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህን ሳያውቁ በየቀኑ የሚያደርጉ አሉ።

የሜሪላንድ የሪል ስቴት ኮሚሽን እነዚህን የሽያጭ ስብሰባዎች ቅሬታ እስኪቀርብለት ሳይጠብቅ እንዲመለከታቸው እንጠይቃለን። አዳራሽ የሚያከራዩ ወገኖቻችን የአሻሻጮቹን የፈቃድ ቁጥር ሳያዩ በር ሊከፍቱ፣ ማስታወቂያ የምናትምና የምናሰራጭ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ የፈቃድ ቁጥር የሌለበትን የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ልንቀበል አይገባም። ገዢ ሆይ፣ የማንኛውም ባለፈቃድ ስም በግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ከመፈረምዎ በፊት የአሻሻጩን ስም እዚያ ይፈልጉ፤ ካጡት ገንዘብዎን አይስጡት።