የቤት አያያዝ፤ አሮጌው ሳይላጥ አዲሱ አይቀባ

የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ቤትን ማጽዳትና ግድግዳን ማደስ የቆየ ልማዳችን ነው። ክረምቱም ገና ስላልገባ ወራቱ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት፣ ይልቁንም በጭቃ በተሠራው ቤት፣ ግድግዳው አስቀድሞ በጋዜጣ ወይም በአበባማ ወረቀት የተለበጠ ነውና፣ «እንዲያው በላዩ ብንቀባውስ?» የሚል አሳብ መምጣቱ አይቀርም።

እኛም ለዚህ አሳብ ተሸንፈን የተጸጸትንበት ጊዜ አለ። የእናታችንን መኝታ ክፍል ከነጋዜጣው ቀባነው። ለበዓሉ አምሮ ታየ፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ወረቀቱ እያበጠ ተነሣ፤ በነጩም ቀለም ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ከዱቄት በተሠራ ሙጫ ነው፤ ይህም ሙጫ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ሲቀባበት ወረቀቱ ርጥበቱን ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተርና ከነቀለሙ ይላቀቃል። ከዚህም በላይ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ክፍተት ለትኋን መሸሸጊያ፣ ዱቄቱም ለሌላ ተባይ ምግብ ይሆናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዕቃውን ከክፍሉ አውጡ፤ ወለሉን በላስቲክ ሸፍኑ፤ መብራቱንም ከቆጣሪው አጥፉ። ቀጥሎም ውሃ ከማስነካታችሁ በፊት ግድግዳውን አንድ ጊዜ ዞራችሁ ተመልከቱ። የተለጠፈ የቅዱሳን ሥዕል ቢኖር በጥንቃቄ ይነሣ፤ ከጥራጊ ጋር አይጣል። የተጻፈ ነገር ቢኖርም ወደ ደብተር ይገልበጥ። ይህን የምንለው በደረሰብን ነገር ነው። ያን ያበጠውን ወረቀት ስንልጥ ከአልጋው ራስጌ የእናታችን የእጅ ጽሑፍ ተገኘ፤ እያንዳንዳችን የተወለድንበትንና ክርስትና የተነሣንበትን ቀን በእርሳስ ጽፋው ኖሯል። እኛ ግን ቀለም አልብሰንበት ነበርና የታናሽ እኅታችን ብቻ ተነበበ፤ የቀረነው ከቀለሙ ጋር ተቀርፎ ወደቀ። እናታችንም በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችምና የምንጠይቀው ሰው አጣን።

ወደ ሥራው እንመለስ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ በስፖንጅ ወረቀቱን አርሱት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሰፊና በደነዘ ስፓቱላ ቀስ እያላችሁ አንሡት። በሲሚንቶ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ውሃው ቢበዛ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ግን አብዝቶ ከራሰ ራሱ ይፈርሳልና፣ አንድ ክንድ ያህል ብቻ እያረሳችሁ ያንኑ ልጣችሁ ጨርሱ። ከዚያም የቀረውን ሙጫ በርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። እጅን ሲያሙለጨልጭ ሙጫው አልለቀቀም ማለት ነው።

በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አድርቁ። የጭቃውን ቀዳዳ በዚያው ዓይነት ጭድ በገባበት ጭቃ፣ የሲሚንቶውን በስቱኮ ድፈኑ፤ ስቱኮው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ለጭቃ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ይልቅ ኖራ ይሻላል፤ ኖራ የግድግዳውን ርጥበት ያስወጣል፤ የዘይት ቀለም ግን ያፍነዋል። ያልበረደ ኖራ ስታበርዱ ኖራውን በውሃው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ፤ በኃይል ይፈላልና ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

ከወረቀቱ በታች አሮጌ የዘይት ቀለም ብታገኙ በደረቁ አትፈግፍጉት። በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ ሊድ የተባለ መርዛም ብረት ሊኖር ይችላል፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ይህ ብረት ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በየግድግዳው አለ። ስለዚህ አርሳችሁ ፋቁት፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ከዚያ ይራቁ።

ሥራው ለበዓሉ ባይደርስ አትዘኑ። ያልደረቀ ግድግዳ ከሚቀባ በዓሉን በተላጠው ግድግዳ መካከል ማሳለፍ ይሻላል። የልጆቻችሁን የልደት ቀን ግን ዛሬውኑ በደብተር ጻፉ።