ቅዳሜን አንጠብቅ

«ጊዜ የለኝም!» በዚህ ግቢ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማ ነገር ቢኖር ይኼ ሳይሆን አይቀርም። አሳይመንት አለ፤ የቡድን ሥራ አለ፤ ሚድ ደርሷል፤ ዜናው ለነገ ይፈለጋል። እውነት ነው፣ ጊዜ የለንም። ግን እስቲ ልብ ብለን እንየው። የሌለን ጊዜ ነው ወይስ ረጅም ጊዜ? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ያተኩራል። ማሳያዬ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከጋዜጠኝነት ተማሪ የማትጠብቁት ነው፤ ልብስ ስፌት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መስከረም ላይ ለታናሽ እህቴ የዩኒፎርም ጉርድ ቀሚስ ልሰፋላት ቃል ገባሁ። ስፌት የለመድኩት በልጅነቴ ነው። ክረምት ክረምት ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ አጠገብ እየተቀመጥኩ ቁልፍ እተክል፣ ጫፍ እዘመዝም ነበር። ሁለት ሜትር ጨርቅ ገዝቼ በሻንጣዬ ይዤ መጣሁ። «አንድ ሰፋ ያለ ቅዳሜ ሳገኝ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ቅዳሜዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱን ቤተ መጻሕፍት ወሰደው፣ አንዱን ልብስ አጠባ፣ አንዱን እንቅልፍ። ለምን ይዋሻል፣ ብዙዎቹን የበላቸው ስልክ ነው። ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስመለስ ጨርቁ እንደታጠፈ ነበር። እህቴ የለበሰችው የድሮውን ነው። እንዲረዝም ብለው ጫፉን ፈተውታል፤ የቀድሞው እጥፋት መስመር ግን ከሩቅ ይታያል። ምንም አላለችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ዕረፍት እናቴ መሶብ ስትሰፋ አስተዋልኩ። እናቴ ቅዳሜ የሚባል ነገር የላትም። ሊጡ ኩፍ እስኪል፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስፌቷን ታነሳለች። አክርማዋን ውሃ ታስነካለች፣ በወስፌ ትወጋለች፣ ታጠብቃለች። ሰው ከጠራት ወስፌውን በሚቀጥለው ቦታ ላይ እንደሰካች አስቀምጣው ትነሳለች። ስትመለስ «የት ነበርኩ?» ብላ አትፈልግም፤ ወስፌው ያሳያታል። አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጣ ስትሰፋ አይቻት አላውቅም። መሶቡ ግን አለቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሰዎች ኅብረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ለደቂቃዎችም ይሠራል።

ይህ የእኛ እናቶች ጥበብ ብቻ አይደለም። ማሃትማ ጋንዲ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሕንዳውያን በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ጥጥ እንዲፈትሉ ይወተውቱ ነበር። ጥሪው የቀረበው ሥራ ላጣው ብቻ ሳይሆን ለተማረውና ለባለ ሥልጣኑም ጭምር ነው። ከእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ መላቀቅን የሚያህል ትልቅ ዓላማ በግማሽ ሰዓት ፈትል እንደሚጀመር አምነዋል ማለት ነው። እኛ ግን አንዲት ቁልፍ ለመትከል ሙሉ ቅዳሜ እንጠብቃለን!

ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ብንል በሳምንት 80 ደቂቃ ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 1,280 ደቂቃ ይሆናል፤ ከ21 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰዓት አንድ ላይ ማን ይሰጠናል? ማንም።

ታዲያ ሃያ ደቂቃን የሚያበላሸው ማጠሩ ሳይሆን አለመዘጋጀታችን ነው። መቀሱን ስንፈልግ አምስት ደቂቃ፣ ክር ስናስገባ ሌላ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ ከእናቴ የተማርኩትን በዶርም ኑሮ እንዲህ ተረጎምኩት።

አንደኛ፣ ዕቃው አንድ ቦታ ይሁን። እኔ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ ሜትርና ጠመኔ አስቀምጫለሁ። እሑድ ጠዋት ብርሃን ሲኖር ለአራት መርፌዎች ክር አስገባለሁ። ክሩ ከአንድ ክንድ ብዙም መርዘም የለበትም፤ ከረዘመ ይተበተብና ሃያውን ደቂቃ ይበላዋል።

ሁለተኛ፣ ሥራው ይከፋፈል። «ቀሚስ መስፋት» የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጨርቁን ማጠብና መተኮስ አንድ ቀን ነው፤ ጥጥ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ያጥራል። መለካትና በጠመኔ ማስመር ሌላ ቀን፤ ጎኑን መግጠም ሌላ ቀን፤ ሽንሽኑ፣ ዚፑ፣ ወገቡ፣ ጫፉ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀን አላቸው።

ሦስተኛ፣ ስናቆም ለነገ መንገድ እንተው። ከመነሳቴ በፊት መርፌውን በሚቀጥለው ቦታ ሰክቼ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ቀጥሎ ዚፕ» ብዬ ጽፌ እተዋለሁ።

አራተኛ፣ ለአጭር ጊዜ የማይሆነውን እንወቅ። ጨርቅ መቁረጥ በጥድፊያ አይሆንም። በስህተት የተሰፋ ይፈታል፣ በስህተት የተቆረጠ ግን አይመለስም። ደክሞን ከሆነ ቁልፍ እንትከል እንጂ መቀስ አናንሳ። አጭር ጊዜ ሁሉን ይችላል እያልኩ አይደለም፤ የሚችለውን እንስጠው ነው የምለው።

«ምን አደከመህ፣ ከቦንዳ ርካሽ ልብስ ይገኝ የለ?» የሚለኝ አለ። ይገኛል። ግን ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ ብብቱ የተተረተረ ሸሚዝ ስንጥል የምንጥለው ከቤት የተላከልንን ብር ነው። ሌላው ደግሞ «ምነው፣ ሴት ሆንክ እንዴ?» ይላል። ይኼ ከሁሉ ይገርመኛል። በየሱቁ በረንዳ የስፌት መኪና እየረገጡ ሱሪያችንን የሚያሳጥሩልን አብዛኞቹ ወንዶች አይደሉም? ሸማኔዎቻችንስ? ለገንዘብ ሲሆን የወንድ ሥራ፣ ለቤት ሲሆን የሴት ሥራ የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ደግሞም አፄ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ እንዲህ ከራቀ በኋላ በዶርም ውስጥ መርፌ የያዘ ተማሪ መሳቂያ ከሆነ፣ ነገ ሕዝብ እናስተምራለን የምንለው ሰዎች ራሳችንን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

ስለ ስፌት ብቻ እያወራሁ እንዳልሆነ ሳትረዱኝ አትቀሩም። ያልተጀመረው ፊቸር፣ ያልተነበበው መጽሐፍ፣ ያልተደወለላት እናት፣ ሁሉም «ሰፋ ያለ ቅዳሜ» እየጠበቁ ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ቃል ስገባ «ሲመቸኝ» አልልም፤ የቱን ሃያ ደቂቃ እንደምሰጠው አስቀድሜ አስባለሁ።

ቀሚሱ በሁለተኛው ሴሚስተር፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁት። ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ጠመም ይላል። ጫፉ ላይ ግን አራት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ተውኩላት፤ ቁመቷ ሲጨምር እንዲረዝምላት። የዚያን ጊዜ እኔን መጠበቅ የለባትም። ቁልፍ መትከልና ጫፍ መዘምዘም በዚህ ክረምት አስተምሬያታለሁ። የሚፈጅባት ሃያ ደቂቃ ነው።

ቸር እንሰንብት።