ስንት እንቁላል ማሽን ገባ?

በበዓል ሰሞን የዶሮ ዋጋ ሲሰቀል ሁላችንም ነጋዴውን እናማለን፣ ደላላውንም እንጨምርበታለን። ወገን፣ የበዓሉ ገበያ ግን አብዛኛው ነገሩ የሚያልቀው በበዓሉ ሳምንት አይደለም። ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ የጫጩት መፈልፈያ ውስጥ ያለ ሰው "በዚህ ሳምንት ስንት እንቁላል ማሽን ላስገባ?" ብሎ ሲወስን ነው ያለቀው። ያንን ቁጥር የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚህ ቁጥር ነው። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንቁላል ማሽን ከገባ በ21ኛው ቀን ጫጩት ይሆናል። የሥጋ ዶሮ፣ ብሮይለር የምንለው፣ ለመታረድ 45 ቀን ገደማ ይፈልጋል። ድምሩ 66 ቀን። አሁን ይህን ከዐቢይ ጾም ጋር አስተያዩት። ጾሙ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ለፋሲካ የሚደርስ የሥጋ ዶሮ እንቁላሉ ማሽን መግባት ያለበት ጾሙ ከመያዙ ከ10 ቀን በላይ ቀደም ብሎ ነው። ጫጩቱ የሚፈለፈለው ደግሞ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ሆቴሉ ትዕዛዝ በቀነሰበት፣ ሥጋ ቤቱ በዘጋበት ሰዓት ማለት ነው። አርቢው "ጫጩት ልግዛ ወይስ ልተወው?" ብሎ የሚወስነው በዚህ ጭር ባለ ወቅት ነው። ዓይኑ የሚያየው የሞተ ገበያ ነው፤ የሚሸጥበት ገበያ ገና አልመጣም።

ታዲያ በምን ይወስናል? በወሬ። "እገሌ ባለፈው ፋሲካ አተረፈ" ይባልና ሁሉም ቀብድ ከፍሎ ይመዘገባል። ወይም "ባለፈው ከስረናል" ይባልና ሁሉም ይሸሻል። ሁሉም ከገባ ዶሮው ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ሁሉም ከሸሸ ሸማቹ ይቃጠላል። የሥጋ ዶሮ ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚበላው መኖ ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ነው። ትልቁ ድርጅት ማቀዝቀዣ አለው፣ ከሆቴሎች ጋር ውል አለው። 500 ጫጩት በብድር ያስገባችው እናት ግን ሁለቱም የላትም። በዋጋው መዋዠቅ መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት።

እስቲ ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ፣ ብዙውን ጊዜ ረቡዕ ረቡዕ፣ ስለ ሥጋ ዶሮ መፈልፈያዎች ብቻ የሚያወራ አጭር ሪፖርት ያወጣል። ዋናዎቹን 19 ግዛቶች ለይቶ ያሳያል። በውስጡ ያሉት ዋና ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ ስንት እንቁላል ማሽን ገባ፣ ስንት ጫጩት ለማሳደጊያ ወደ እርባታ ገባ። በቅርብ ዓመታት በሳምንት ከ230 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ይገባል፣ ከ180 ሚሊዮን በላይ ጫጩት ወደ እርባታ ይሄዳል። ከገባው እንቁላል ምን ያህሉ እንደተፈለፈለም አብሮ ይነገራል፤ 80 በመቶ ገደማ ነው። ሪፖርቱ በነጻ ነው፣ ማንም ያየዋል። መኖ አቀናባሪው፣ ባንኩ፣ ሬስቶራንቱ፣ አርቢው፣ ሁሉም ከሁለት ወር በኋላ ስንት ዶሮ ገበያ እንደሚወጣ ይገምታል። በ2020 ኮቪድ ሬስቶራንቶችን ሲዘጋ ኩባንያዎቹ ማሽን የሚያስገቡትን እንቁላል መቀነሳቸው ወዲያው በዚሁ ሪፖርት ላይ ታየ። ማንም ከወሬ መስማት አላስፈለገውም።

"ኩባንያው ምርቱን ሲያሳውቅ ተፎካካሪው አይጎዳውም ወይ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ልክ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ድርጅት መልስ በሕግ በምስጢር የተጠበቀ ነው፤ የሚወጣው ድምሩ ብቻ ነው።

ግን አሜሪካኖቹን መላእክት አላደርጋቸውም። እዚያው አገር አግሪ ስታትስ የሚባል የግል ድርጅት ነበር፤ ከዶሮ ኩባንያዎች ዝርዝር መረጃ እየሰበሰበ መልሶ ለራሳቸው ለኩባንያዎቹ የሚሸጥ። አርቢውና ሸማቹ አያዩትም። በ2016 ገዢዎች ትልልቆቹን የዶሮ ኩባንያዎች ከሰሱ፤ ተነጋግራችሁ ወላጅ ዶሮዎችን እስከማረድ ደርሳችሁ ምርት ቀንሳችኋል፣ ዋጋ አስወድዳችኋል ብለው። በርካታ ኩባንያዎች ገንዘብ ከፍለው በስምምነት ወጡ። በ2023 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ራሱ አግሪ ስታትስን ፍርድ ቤት አቆመው። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። መረጃ ሁሉም ሲያየው ገበያ ያረጋጋል፤ ጥቂቶች ብቻ ሲያዩት መሣሪያ ይሆናል። እኛ ያለነው በሁለተኛው ውስጥ ነው። መፈልፈያ ያለው ቢያንስ የራሱን ያውቃል፣ የተመዝጋቢውን ወረፋም ያያል። ትንሹ አርቢ ምንም አያይም።

"እኛም እኮ ቁጥር አለን" እንዳትሉኝ። አለን፣ ግን ሌላ ቁጥር ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ጥናት በ2013 ዓ.ም. 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ቆጥሯል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚቆጥረው በአርሶ አደሩ ቤት ያለውን ነው፣ ያውም በዓመት አንዴ። በ45 ቀን ገብቶ የሚወጣ ዶሮ በዓመታዊ ቆጠራ አይያዝም። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሌማት ትሩፋት "ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ" የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ስርጭት መልካም ነው። ግን ስንት እንቁላል ገብቶ ስንት ተፈለፈለ? ስንቱ የሥጋ፣ ስንቱ የእንቁላል፣ ስንቱ የሁለቱም ነው? ስንቱ አድጎ ገበያ ደረሰ? እነዚህ ካልተነገሩ የተሰራጨው ቁጥር ለዜና ይሆናል እንጂ ለአርቢው ውሳኔ አይሆንም።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ ነገሩ ከባድ አለመሆኑ ነው። አርሶ አደር ቤት ያለን ዶሮ ለመቁጠር አገር ምድሩን መዞር ይጠይቃል። ትልልቅ መፈልፈያዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ በስልክ ጠይቆ መደመር ይቻላል። ከውጭ የሚገቡት ወላጅ ጫጩቶችም በአውሮፕላን ነው የሚመጡት፤ የጤና ማረጋገጫና የጉምሩክ ሰነድ አላቸው። ስለዚህ ቁጥሩ መንግሥት እጅ አለ፤ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። ወላጅ ዶሮ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ24 ሳምንት በኋላ አካባቢ ስለሆነ፣ ያ ፋይል ቢከፈት ከስድስት ወር በላይ አስቀድሞ የሚመጣውን አቅርቦት ይነግረናል።

መፈልፈያዎቹ ጥቂት መሆናቸው የራሱ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ። ቁጥሩን በክልል ብንከፋፍለው የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። መፍትሔው በአገር አቀፍ ደረጃ ድምሩን ብቻ ማውጣት ነው። ሌላው ፍርሃት ግብር ነው። "ቁጥር ከሰጠሁ ነገ ገቢዎች ይመጣብኛል" የሚል ሰው እውነቱን አይናገርም፣ የተዋሸ ቁጥር ደግሞ ከምንም ይብሳል። ስለዚህ ለስታቲስቲክስ የተሰጠ መልስ ለግብር እንደማይውል በጽሑፍም በተግባርም መረጋገጥ አለበት።

እኔ የምለው ይህን ነው። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አንድ ገጽ ይውጣ። ስንት እንቁላል ገባ፣ ስንት ጫጩት ተፈለፈለ፣ ስንት ወደ እርባታ ሄደ፤ የሥጋው፣ የእንቁላሉና የሁለቱም ዝርያ ለየብቻ። በቴሌግራም ይለቀቅ፣ በሬዲዮ ይነበብ። ያቺ 500 ጫጩት የምታስገባው እናት ቀብዷን ከመክፈሏ በፊት ትስማው። ከዚያ በኋላ ብታተርፍም ብትከስርም በራሷ ውሳኔ ይሆናል። አሁን ግን የምትከፍለው ሌላው ለሚያውቀውና እሷ ለማታውቀው ነገር ነው።

መፈልፈያ ውስጥ የምትሠሩ፣ ግብርና ሚኒስቴር ያላችሁ፣ ይህ የማይሆንበት ምክንያት ካለ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። አርቢዎች ደግሞ ባለፈው ፋሲካ ጫጩት ያስገባችሁት በምን መረጃ እንደነበር ጻፉ። መልሱ "በወሬ" ከሆነም አታፍሩ፣ እሱኑ ጻፉት።