ሐረርን በረመዳን፤ ለጉብኝት ወይስ ለእንግድነት?

ረመዳን ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ከቤት መራቅን ይተዋል። ጾም ነው፣ ልጆች ይደክማሉ፣ ጉዞው ከዒድ በኋላ ይደርሳል ይባላል። እኛ ግን አቅሙና ጊዜው ያለው ቤተሰብ ከዚህ ወር አንዱን ቅዳሜና እሁድ ለሐረር ቢሰጥ መልካም ነው እንላለን። ሐረርን በሌላ ወር ብቻ ያየ ሰው ግማሿን ነው ያየው።

የጀጎል ግንብ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በውስጡ 82 መስጊዶችና አዋች የሚባሉ 102 የደጋግ ሰዎች የዚያራ ቦታዎች እንዳሉ ተጽፏል። የግንቡ ውስጥ ስፋት 48 ሄክታር ያህል ነው። ቀን ለሚዞር ጎብኚ ይህ ቁጥር ተገርሞ የሚያልፈው ወሬ ነው። ከዒሻ አዛን በኋላ ግን ትርጉሙ ይገባል። ትልቁን ጃሚዕ ትተን አብዛኞቹ መስጊዶች ትናንሽ ናቸው፤ በጠባቡ መንገድ ላይ ጥቂት እርምጃ ስንሄድ የአንዱ ቂርኣት ሳይርቀን የሌላው ይሰማናል። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ተራዊህ ማለት የሕዝብ ብዛት፣ የመኪና ጥሩምባና ጫማ የሚጠፋበት ግርግር ነው። እዚህ መስጊድ የጎረቤት ቤት መሆኑን ያያል። ይህን በንግግር ልናስተምረው አንችልም።

መንገዱን በተመለከተ፣ አውቶቡስ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ለሁለት ቀን ጉዞ አይሆንም። በአውሮፕላን ድሬዳዋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ሐረር የሚወጣው ዳገት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ ያቃጠለን ሙቀት ሐረር ስንደርስ ይለቀናል። መንገደኛ ጾሙን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል ቁርኣን ፈቅዶለታል፤ ሰሓቦችም አብረው ሲጓዙ የጾመው ያልጾመውን፣ ያልጾመው የጾመውን አይነቅፍም ነበር። ስለዚህ በየመኪናው የሚነሳው «ማን ጾመ፣ ማን አፈጠረ» የሚል ክርክር ቢቀር ደስ ይለናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቀድማ ትጠልቃለች፤ ፈጅርም እንዲሁ ይቀድማል። የአዲስ አበባን የሰዓት ሠሌዳ ይዞ ሱሁር የሚበላ ሰው ሰዓቱ ያልፍበታል።

ዋናው ጉዳይ ግን በምን ዓይነት ኒያ እንደምንሄድ ነው። ከመዲናችን የሚሄድ እንግዳ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲያስቸግር እናያለን። አንዱ ፎቶ አንሺው ነው። በመግሪብ ሰዓት የሰው በር ላይ ቆሞ ማዕድ ያነሳል፣ ከተራዊህ ይልቅ ጅብ ሲመገብ ማየት ያጓጓዋል። ልጆች ጅቡን ማየት ቢፈልጉ አንፈርድባቸውም፤ ትርኢቱ ግን በኢፍጣርና በሰላት ሰዓት ላይ የሚውል ነው፣ ጅቡም የትም አይሄድም። ሁለተኛው ፈራጁ ነው። አዋች ደጃፍ ቆሞ ይህ ቢድዓ ነው፣ ያ ሺርክ ነው እያለ አስተናጋጁን ይገሥጻል። ለሰላት ብለው የሚጓዙላቸው መስጊዶች የመካው፣ የመዲናውና የአልአቅሳው እንደሆኑ ሐዲስ አለ፤ ሐረር መሄድን ከዒባዳ የቆጠረው ማንም የለም። ለሞቱት ሰላም ማለትና ዱዓ ማድረግ ደግሞ ሱና ነው። ከዚያ ባለፈው ላይ ዑለሞች ይነጋገሩበት። እኛ የሰው ማዕድ ላይ ተቀምጠን የምንከራከርበት ምን ምክንያት አለ?

ማዕዱን ካነሳን፣ የሐረሪ ቤት ለእንግዳ አይዘጋም ብሎ አሥር ሰው ሆኖ ሳይናገሩ መድረስ ጨዋነት አይደለም። የአብሽ መረቁንና ሳምቡሳውን ከቀትር ጀምሮ የሚያዘጋጁት ጾመኛ እናቶች ናቸው። ሰው ቤት የተጠራን እንደሆነ ተምር ይዘን፣ ቁጥራችንን አስታውቀን እንሂድ፤ ሴቶቻችንም ወንዶቻችንም እጃቸውን ያንሱ። ያልተጠራን በየእንግዳ ማረፊያው ገንዘባችንን ከፍለን ማፍጠር እንችላለን፤ ነደባው ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳውን የሞላውን ስፌት እያዩ ማፍጠር በራሱ ደስታ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች ደግሞ ከወዲሁ ይጠይቁ፤ በየትንሹ መስጊድ ሁሉ የሴቶች ቦታ አለ ብሎ መነሳት አያዋጣም።

ቀኑን ለልጆች የምናውለው በአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። በእጅ የተጻፉና በሐረር የተጠረዙ ቁርኣኖችን ማየት ከስልክ ላይ ለሚቀራ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ሥራ ቀለም የበጠበጠ፣ ቆዳ ያለፋ፣ ዓመታት የተቀመጠ ሰው እጅ ነው። እስልምናን ከኢስታንቡል ተከታታይ ፊልም ለሚያውቅ ትውልድ፣ በገዛ አገሩ ይህ እንደተሠራ በዓይኑ ማየት ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ መኪና ግርግር ወርዶ የዒድ ልብስ ማሰፋት ይቻላል፤ ለአንድ ልብስ የምንከፍለው ከአንድ ፎቶ ይልቅ ለከተማዋ ይጠቅማል።

በረመዳን ያልተመቸው ደግሞ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ተከትሎ የሚከበረው ሹዋሊድ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ብዙ ስለሆነ፣ ማረፊያ የሚፈልግ ቤተሰብ ከአሁኑ ስልክ ይደውል።