ጅብ ከሄደ የመጣ ካሜራ

ከጥቂት ወራት በፊት ወዳጄን ለመጠበቅ በተቀመጥሁበት አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ፣ በሚያምር ክፈፍ የተሰቀለ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተመለከትሁ። በዛገ የቆርቆሮ አጥር ሥር አንዲት ሴት በቆሎ እየጠበሱ ተቀምጠዋል። ጢሱ ወደ ፊታቸው ስለ መጣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ብርሃኑ ያማረ፣ የተዋጣለት ሥራ ነው። ከግርጌው «የድሮዋ አዲስ አበባ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ቃል የለም።

እኚህን ሴት አውቃቸዋለሁ። ዶሮ ማነቂያ ጎረቤታችን ነበሩ፤ «እትዬ» እያልን ነው ያደግነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ እንጂ ዛሬም በሕይወት አሉ። አስተናጋጁን ጠርቼ «እኚህ ማን ናቸው?» አልሁት። «የድሮ ሰው ናቸው» አለኝ።

ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህች መልስ ጋር ነው። አስተናጋጁ ምን ያድርግ፤ ያነበበውን ነገረኝ። ጥፋቱ ሕያውን ሰው «ድሮ» የሚያደርገው የፎቶግራፍ ልማዳችን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገራችን ሰው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርሱ የሆነውን እናስታውስ። ዶዘሩ በገባ ማግሥት ካሜራውም ገባ። በግማሽ የወደቀ ግድግዳ፣ ጣራ የሌለው ቤት፣ ቤት የሌለው በር በየስልካችን ተዛመተ። ምስሎቹ ልብ ይነካሉ፤ እኔንም አስለቅሰውኛል። ለመሆኑ ግን ምን ነገሩን? ፍርስራሽ ሁሉ ይመሳሰላል። ጣራው ከተነሣ በኋላ ፒያሳን ከካዛንችስ ማን ይለያል? ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ምንም ያልተከሰተበት የማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ቦኖው ዘንድ የተደረደረው ጀሪካን፣ ባለሱቁ ዱቤ የሚመዘግብበት ደብተር፣ የእድሩ ድንኳን የሚተከልባት ጠባብ ሜዳ፣ የቁራሌው ጥሪ ሲሰማ የሚከፈተው በር። ያንን ማክሰኞ ማን አነሣው?

ይህ ጥያቄ ሌሎችን ቀድሞ ገጥሟቸዋል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አሮጌ መንገዶቿን ስታፈርስ፣ የከተማው አስተዳደር ራሱ ሻርል ማርቪልን ቀጥሮ የሚፈርሱትን አስቀድሞ አስነሥቷል። በግላስጎም ቶማስ አናን ከ1868 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ቀጣሪውና አፍራሹ አንድ ነበሩና ሐሳባቸው ንጹሕ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከዶማው በፊት ደረሱ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ኡዤን አትዤ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ እስከሞተበት እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ድረስ ከባድ ካሜራውን ተሸክሞ ፓሪስን ዞረ። ሱቆቿን፣ አዟሪ ነጋዴዎቿን፣ ግቢዎቿን አነሣ፤ በፎቶግራፎቹም ጀርባ ቦታውን ጻፈ። ሥራዎቹን «ሰነድ» ይላቸው ነበር። ዛሬ ዓለም ታላቅ የጥበብ ሰው ቢለውም፣ እርሱ አድራሻ መጻፍን አልናቀም።

እኛስ? ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ የመዲናችን ቀደምት ካሜራ ፊቱን ያዞረው በአመዛኙ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ መኳንንቱ ነበር። ሌላው ሰው ፎቶግራፍ ሲያምረው ለበዓል የገዛውን ልብስ ለብሶ፣ ስቱዲዮ ገብቶ፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ይቆማል። ታሪካዊ ሕንፃዎቻችን ኋላ ወዳጅ አግኝተዋል፤ የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና የዴኒ ዤራር መጽሐፍ ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያለውን የአዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ አኑሮልናል። ጉሊቷንስ ማን አኖረልን? ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ምን ያህል ዓይን ያላቸው ወጣቶች እንዳሉን አሳይቶናል።

«ድህነትን እያነሡ ማሳየት የአገር ገጽታ ማበላሸት ነው» የሚሉ አሉ። በጋራ ሽንት ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ለጭቃ ቤት ሙሾ አያወርድም፤ እኔም አላወርድም። ነገር ግን ቤቱ መፍረስ ነበረበት ማለት፣ በውስጡ የኖረው ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ዝገቱ ደስ የሚያሰኘው ፎቶግራፍ አንሺም ከእነዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱ ድህነቱን በማፈር፣ ሌላው ድህነቱን በማድነቅ ሰውየውን ይሰውሩታል።

በመንገድ ላይ ካሜራ ማውጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ይጠረጥራል፣ ይቆጣል። ቁጣው ግን ተገቢ ነው፤ ማን ፈቃዱን ጠየቀው? ስሙን ተናግሮ ስም የጠየቀ፣ ቡና የጠጣ፣ ያነሣውን አሳጥቦ መልሶ የሰጠ ሰው፣ በሳምንቱ «ልጄ» መባሉ አይቀርም። ዘጋቢ ፎቶግራፍ የምንለው ሥራ ከዚያ በኋላ ይጀመራል።

እንግዲህ ጎበዝ፣ ገና ያልፈረሱ ሰፈሮች አሉን። ዶዘር ሳይጠራችሁ ሂዱ። የሚፈቅድ ሰው ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ቀኑን ጻፉለት። ካሜራ የሌለው ደግሞ የእናቱን አልበም ያውጣ፤ «ይህ ማን ነው? የት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ከጀርባው በእርሳስ ይጻፍ። መላሿ ሁልጊዜ አትኖርም።

እኔም ብሆን የእኚያን ሴት ስም እዚህ አልጻፍሁም፤ ፈቃዳቸውን አላገኘሁም። ያን ዕለት ማታ ደውዬ ፎቶግራፋቸው ተሰቅሎ ማየቴን ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሣቁ። ቀጥሎ ዝም አሉና፣

«መቼ ነው ልጄ ያነሡኝ? ባለቤቴ ሳያርፍ ነው፣ ካረፈ በኋላ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ወደ ቡና ቤቱ ተመልሼ ክፈፉን ዳር እስከ ዳር ፈተሽሁት። «የድሮዋ አዲስ አበባ» ነው የሚለው። እስካሁን መልሼ አልደወልሁላቸውም።